ያላስገቡትን አያወጣም

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ መሥሪያ ቤት ባለበት መንገድ ላይ አንድ የማይጠፋ ሱቅ አለ። በሩ ላይ «የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ውስጥ አንዲት ወጣት ኪቦርድ ላይ አቀርቅራለች፤ ጋቢውን የደረበ ባላገር ዱላውን ተደግፎ ጉዳዩን ይነግራታል። እሱ ያወራል፣ እሷ ትነካካለች፣ ፕሪንተሩ አጉረምርሞ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ቢሮው የሚያምነው እሱን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

የኮምፒዩተር መምህራን በዚህች ጠባብ ክፍል ያሉትን ዕቃዎች በሁለት ይከፍሏቸዋል። ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ስካነርና ማይክሮፎን ማስገቢያ ናቸው፤ ስክሪን፣ ፕሪንተርና ድምፅ ማጉያ ማውጫ። ትምህርቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ለእኛ ፊደልና ለእኛ ባላገር ግን ይህ መግቢያና መውጫ ረጅም ታሪክ አለው።

ድሮም ቢሆን ቃል በቀጥታ ወረቀት ላይ አልወረደም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ደብዳቤ ሲልኩ ይናገራሉ፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ንጉሡም እንኳ ቃላቸውን የሚያስገቡት በሌላ ሰው እጅ ነበር። ተራው ሰው ደግሞ በኋላ ዘመን ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ጋር ተዋወቀ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሚወረሰው ግን ጸሐፊው የሰማው ነው።

ከዚያ የጽሕፈት መኪና መጣ፤ ችግርም ይዞ መጣ። የፈረንጁ መኪና ከአርባ ጥቂት የሚበልጡ ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ ዘጠና ገደማ ይሆናል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን፣ አኃዙንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ኢንጅነር አያና ብሩ መፍትሔ ፈለጉለት፦ ግእዙን መትቶ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ማከል። መኪናው አማርኛ ጻፈ። ፊደሉ ግን እግሩና ክንዱ ከገላው ራቅ ብሎ የተሰፋ ይመስል ነበር። ታዲያ ነገሩ ተገላብጦ፣ «መኪናው ለፊደሉ ይስተካከል» ከማለት ይልቅ «ፊደሉ ይቀነስ» የሚሉ ሊቃውንትም ተነሡ።

በጽሕፈት መኪና ማስገባትና ማውጣት አንድ ድርጊት ነው። ቁልፉን ትመታላችሁ፣ ዘንጉ ሪባኑን ይመታል፣ ፊደሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ኮምፒዩተር ሁለቱን አለያያቸው፤ መካከላቸውም ቁጥር አስቀመጠ። ኪቦርዱ ፊደል አያውቅም። ቁልፍ ሲነካ ከሥሩ የኤሌክትሪክ መስመር ይገናኝና «እዚህ ቦታ ያለው ተነካ» የሚል ቁጥር ይላካል። ያንን ቁጥር ወደ ፊደል የሚቀይረው ፕሮግራሙ ነው፤ መልኩን የሚሥለው ፎንቱ። ሌዘር ፕሪንተሩ ደግሞ ሥዕሉን በብርሃን ከበሮው ላይ ያሳርፋል፤ የቀለሙ ዱቄት እዚያ ይጣበቅና ወረቀቱ ላይ በሙቀት ይቀልጣል።

ይህ መለያየት ለእኛ ነጻነት ነበር። 231ም ሆነ 300 ፊደል ቁጥር እስካለው ድረስ ሳይቆራረጥ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን በዚህ ደከሙ፤ በኋላም አገር ቤት ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ቢሮዎቻችንን ሞሉት። ምን ዋጋ አለው፣ ፕሮግራሙ ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር! በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ጭረትና ሳጥን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለግእዝ ፊደል 345 ቁጥሮች ሲመድብ ነው ፊደላችን ዓለም አቀፍ መታወቂያ ያገኘው። ያም ሆኖ በብዙዎቹ የጽሕፈት ፕሮግራሞች «ደባርቅ» ለማለት የላቲን ቁልፎች ስድስት ጊዜ እንነካለን። ወደ ገዛ ቤታችን በጎረቤት በር እንደ መግባት ነው።

ዳባት በዚህ ታሪክ የራሷ ምዕራፍ አላት። በ1989 ዓ.ም. የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በወረዳዋ በተመረጡ ቀበሌዎች የሕዝብና የጤና ክትትል ጀመረ። መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቆ ሄደ እያሉ ይመዘግባሉ። ሐኪም ሳያየው ቤቱ የሞተ ሰው ሲኖር፣ የሠለጠነ ጠያቂ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ሟቹን ምን ያመው እንደነበር ይጠይቃል፤ መልሱን ሐኪሞች መርምረው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ኮምፒዩተር የሚያወጣው ሠንጠረዥ መነሻው እንግዲህ ይህ ነው፦ ምድጃ ዳር የተቀመጠች እናትና የሚያዳምጣት ወጣት።

እስቲ ዕድሜን ብቻ እንውሰድ። ቅጹ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚሞሉ ሳጥኖች አሉት። እሳቸው ግን «በ77ቱ ድርቅ ጡት አልጣልኩም ነበር» ይላሉ። ይህ መልስ ትክክለኛ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን አይገባም። ጠያቂው ያሰላል፣ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዞራል፣ ቁጥር ያስገባል። ማሽኑ ቁጥሩን በልበ ሙሉነት ያትመዋል፤ በመካከል የተደረገውን ግምት አያወራም።

ስምም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ በተለይ ለሴቷ። መዝገቡ የተጻፈው በእጅ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። አንዱ ጸሐፊ «ዓለሚቱ ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «አለሚቱ ሀይሉ»። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እንዲያቻችላቸው ተደርጎ ያልተሠራ ፕሮግራም በአንዱ ሲፈለግ ሌላውን «የለም» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንከራከር የውበትና የታሪክ ጉዳይ ይመስለን ነበር። ለካስ የጥማድ መሬትም ጉዳይ ኖሯል።

አሁን ደግሞ ጣት ራሱ ማስገቢያ ሆኗል። ባላገሩ ድሮ ወረቀት ላይ ቀለም ነክሮ ያሳርፍ የነበረውን አውራ ጣት፣ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ መስታወት ላይ ያስቀምጣል፤ ዐሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ፊት። መሣሪያው የአሻራውን ሸንተረር ወደ ቁጥር ይለውጣል። እዚህም ላይ ፊደሉን የገጠመው ችግር ሰውየውን ይገጥመዋል፦ ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠና ድንጋይ የካበ እጅ ሸንተረሩ ያልቃል፤ እንዲህ ያለውን አሻራ ማሽን ለማንበብ ይቸገራል። ብዙ የሠራ እጅ ለመታወቅ የሚቸገርበት ዘመን መጣ ማለት ነው።

በድሮው አሠራራችን አንድ ጥሩ ልማድ ነበር። ምስክር ቃሉን ከሰጠ በኋላ ጽሑፉ ይነበብለትና «የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ያለው ይህ ወግ ኮምፒዩተሩ ጋ ሲደርስ ይረሳል። ስክሪኑ ወደ ጸሐፊዋ ዞሯል፤ ባለጉዳዩ የሚያየው የስክሪኑን ጀርባ ነው። ስሕተቱ የሚታወቀው ከታተመ በኋላ፣ ያውም ከዓመታት በኋላ፣ ውርስ ወይም ክርክር ሲነሣ ነው።

ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ ማዞር በጀት አይጠይቅም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውንና አዋሳኞቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ፊደል ለማስተካከል ከስሜን ቆላ ደባርቅ ድረስ ዳገት የሚወጣው ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ግን የትኛውም ማሽን አይመዘግበውም።