ጊዮርጊስና የሞተር ሠረገላ

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በብዙ ድካም አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ጥበብ ወዳድ ንጉሠ ነገሥት ናቸውና በደስታ ተቀብለው ተሳፈሩበት፤ በ1923 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ደብር ፊት የቆመው ሐውልታቸው ግን በፈረስ እንጂ በመኪና አላስቀመጣቸውም።

መኪናን መንዳትና መሥራት የተለያዩ ናቸውና፣ መንግሥት ከኢጣሊያው ፊያት ጋር ተሻርኮ የመኪና መገጣጠሚያውን አምቼን ያቋቋመው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከገባ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እርሱም የሚገጣጥመው የጭነት መኪና ነበር፤ የቤት አውቶሞቢልን ገጣጥሞ በአባይ፣ በአዋሽና በተከዜ ስም የሰየመው ሆላንድ ካር፣ ብር ሲረክስ በተቀበለው ቀብድ ዕቃውን ማስመጣት አቅቶት በ2005 ዓ.ም. ከሰረ። ስሙ የአገር፣ ብረቱ ግን የቻይና ስለ ነበረ፣ ዶላር በጠፋ ቁጥር ሥራው መቆሙ አይቀርም ነበር።

እስከ ቅርብ ጊዜ በጊዮርጊስ አደባባይ ኮፈኗን ከፍታ ውሃ ትጠጣ የነበረችውን ሰማያዊዋን ላዳ ታክሲ ዕድሜዋን ያረዘመላት መንግሥት ሳይሆን የሠፈር መካኒክ ነው። መንግሥት በአዋጅ 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ ኋላም ተበታትኖ የሚገባውን የኤሌክትሪክ መኪና ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ በመጣው ላይ 15 በመቶ አስከፈለ። ይህም ለገጣጣሚው እንጂ ለሠሪው የተሰጠ ድጋፍ ይመስለኛል።