የሙሴ ጸሊም ነውርና ክብር

ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ቅዳሴ ተፈጽሞ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ አንድ ሰው ከቅጽሩ ውጭ በበሩ አጠገብ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆሞ አገኘሁ። ሰውየውን ዐውቀው ነበር። በወጣትነቱ በሠራው በደል ተፈርዶበት የእስራት ዘመኑን ፈጽሞ ከወጣ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ስለ ምን ወደ ውስጥ እንደማይገባ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው» አለኝ። እኔም ላጽናናው ብዬ የአባ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ባጭሩ ነገርሁት፤ ወንበዴው እንዴት መነኵሴ፣ መነኵሴው እንዴት ካህን፣ ካህኑም እንዴት ሰማዕት እንደ ሆነ አስረዳሁት። እርሱም እስክጨርስ ድረስ ታግሦ ከሰማኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «መሪጌታ፣ እግዚአብሔርስ ይቅር ብሎታል፤ ሰዎቹ ግን አስገቡት?»

በዚያ ሰዓት የሚገባውን መልስ አላገኘሁለትም። ዕድሜውን በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት መካከል የጨረሰ ሰው ለእንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ ዝም ሲል ማፈሩ አይቀርም። ወደ ቤቴም ተመልሼ ታሪኩን እንደ ገና ከመጀመሪያው ተመለከትሁት። እነሆ ይህች ጽሕፈት ለዚያ ሰው የዘገየች መልስ ናት፤ ነገር ግን ከበሩ ውጭ ለቆመው ብቻ ሳይሆን በበሩ ውስጥ ላለነውም ጭምር ናት።

ሙሴ የኖረው በ4ኛው ምእት ዓመት በግብጽ አገር ነው። ስለ እርሱ አስቀድመው ከጻፉት አንዱ ጳላድዮስ ነው፤ እርሱም ራሱ በግብጽ በረሓ ከመነኮሳት ጋራ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ፣ በ420 ዓመተ እግዚእ ገደማ የቅዱሳኑን ኑሮ በመጽሐፍ አኖረ። ከእርሱም በኋላ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን በዚያው በ5ኛው ምእት ዓመት አነሣው። የእኛም ስንክሳር በሰኔ 24 ቀን ያስበዋል። እነዚህ ጸሐፊዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የሙሴን ነውር ያልሸሸጉለት መሆናቸው ነው። ጳላድዮስም ክፋቱን የሚናገረው የንስሓውን ታላቅነት ለማሳየት እንደ ሆነ አስታውቋል። ቍስሉን የሸፈነ ሰው ስለ መድኀኒቱ ምን ሊናገር ይችላል?

ሙሴ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበረ። የጻፉለት ሰዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሩ የነበረው ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስለ ሆነ፣ ስሙ ከአገር ወሰን ይልቅ የቆዳን መልክ የሚያመለክት ነበር። ጌታው በጠባዩ ክፋትና በሌብነቱ ምክንያት አባረረው። እርሱም ወደ በረሓ ወጥቶ ሸፈተና የወንበዴዎች አለቃ ሆነ፤ ነፍስ እስከ ማጥፋት እንደ ደረሰም ይወራበት ነበር።

የጕልበቱንና የቂሙን ነገር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በአንድ ሌሊት ሊሰርቅ ባሰበበት ስፍራ አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋራ ሆኖ አሰናከለው። ሙሴም በዚህ ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድል ፈለገው። እረኛው ከዐባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ሙሴ ግን ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛውም ተሸሽጎ አመለጠው። ሙሴ ከመንጋው አራት ምርጥ አውራ በጎች ዐርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ ወንዙን እንደ ገና እየጐተታቸው ዋኘ፤ ሥጋውን በላ፣ ቆዳውንም ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጕልበት ልብ አድርግ፤ በኋላ ይፈለጋልና።

እንዲህ ያለው ሰው በኋላ ልቡ ተነካና ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄደ። ስንክሳራችን እንደሚተርከው አስቀድሞ ፀሐይን ያመልክ ነበር፤ ወደ እርስዋም እያየ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው ይጠይቃት፣ የማያውቀውም አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። አስቄጥስ አባ መቃርስ በ330 ዓመተ እግዚእ ገደማ የመሠረተው የመነኮሳት ምድረ በዳ ነው፤ ዛሬ ዋዲ ናትሩን በሚባለው ስፍራ እስከ ዘመናችን ድረስ ገዳማት ይኖሩበታል። በዚያም ቄሱ አባ ኤስድሮስ ተቀበለው።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ በበዓቱ ሳለ ወደቁበት። ሙሴም አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና፣ ማንንም መጕዳት ለእርሱ እንደማይገባው ተናግሮ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ወንድሞችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ያ ስመ ጥር ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ደነገጡ፤ እርሱ የተወውን እነርሱም ትተው መነኰሱ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም። ብዙዎቻችን የሙሴን ነገር ስናስተምር ወንበዴው መነኰሰ ብለን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን፤ ንስሓ የገባ ሰው ግን ፈተናው ከዚህ በኋላ እንደሚጀምር ያውቃል። የቀድሞው ልማድ በሕልምና በሐሳብ ተመልሶ መጣበት። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ሳይሸሽግ ነገረው። ጥቂት ደረቅ እንጀራ እየበላ በሥራና በጸሎት ደከመ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በበዓቱ መካከል ቆሞ ዐይኑን ሳይከድን ጸለየ፤ ሐሳቡ ግን አልተወውም። አባ ኤስድሮስ አንድ ጊዜ ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ የአጋንንትን ሠራዊት፣ በምሥራቅ ደግሞ ከእነርሱ የሚበዙትን መላእክት አሳየው፤ ብቻውን እንዳልቆመም አስረዳው።

ሙሴም ሌላ ሥራ ፈለገ። በዕድሜ የደከሙት አረጋውያን ውሃ ለመቅዳት የማይችሉ ነበሩና፣ በሌሊት ማንም ሳያየው በየበዓታቸው እየዞረ እንስራቸውን ወስዶ ውሃ ሞልቶ ይመልስላቸው ነበር፤ ከውሃው እስከ አምስት ማይል የሚርቅ በዓት ነበረ። አንድ ሌሊትም በውሃው ጕድጓድ ላይ ጐንበስ ብሎ ሳለ ጠላት በዱላ ወገቡን መታው፤ አንድ ዓመት ያህልም ታመመ። በመጨረሻ አባ ኤስድሮስ ጸጋው በራሱ ድካም እንዳልተገኘ እንዲያውቅ መክሮ፣ ሥጋ ወደሙ እንዲቀበል አዘዘው፤ ሐሳቡም ጸጥ አለለት።

እንግዲህ ጸጋ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ እናስተውል። የሰረቀውን በግ ወንዝ ያሻገረው ጕልበት፣ አራት ወንበዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተሸከመው ጕልበት፣ ለአረጋውያን ውሃ የቀዳውም ጕልበት አንድ ነው። እግዚአብሔር የሙሴን ጀርባ አልለወጠም፤ ሸክሙን ለወጠለት እንጂ። ያፈረ ሰው ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ኑሮው ምንም የማይረባ፣ ሁሉ የሚጣል ይመስለዋል፤ በሙሴ ሕይወት ግን ከኀጢአቱ በቀር የተጣለ ነገር አላየንም።

አሁን ወደ ሰውየው ጥያቄ እንመለስ። ሰዎቹ አስገቡት? እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ አስገባው፣ አንዳንዱም አላስገባውም። በአስቄጥስ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ አረጋውያን ሊፈትኑት ብለው ይህ ጥቁር ሰው ስለ ምን በመካከላችን ይገባል አሉ። እርሱም ዝም አለ። በኋላ ልቡ አልታወከ እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ መታወኩን ሳይክድ አንደበቱን ግን እንደ ጠበቀ መለሰ። ቅስና በተቀበለም ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ነጩን ልብስ አይቶ እነሆ ሁለንተናህ ነጣ ቢለው፣ ሙሴ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥም ብሎ ጠየቀ። እንደ ገናም ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ካህናቱን ከመቅደስ እንዲያስወጡት አዘዛቸው፤ እርሱም ራሱን እየገሠጸ ወጣ።

እኔ የኢትዮጵያ ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ልቤ ሳይታወክ አያልፍም። ሙሴ ሁለት ዓይነት ዕፍረት ተሸክሟል። አንደኛው በሠራው በደል የመጣ ነው፤ እርሱን ተናዘዘው፣ በደሙም ጭምር ከፈለው። ሁለተኛው ግን በመልኩና በባርነቱ ሰዎች የጫኑበት ነው፤ ይህ ኀጢአት አይደለምና የሚናዘዘው ነገር አልነበረውም። እርሱ በትዕግሥቱ ከበረበት፤ ስድቡ ግን በዚህ አልጸደቀም። እኛም ከአባቶች የሙሴን ትዕግሥት እንውረስ እንጂ የሰዳቢዎቹን ቃል አንውረስ። ይልቁንም በአገራችን ባርነት በ1934 ዓመተ ምሕረት ዐዋጅ እስኪከለከል ድረስ፣ ሰኔ 24 ቀን የሙሴን ስንክሳር እያነበብን በቤታችን ሰውን ባሪያ ብለን ስንጠራ የኖርን ነን። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንንቅ የኖርን ነን። በመቅደስ የምንሳለመው ሰው በደጃችን ቢመጣ ምን ብለን እንጠራው ነበር?

ሙሴ ግን በሌሎች ላይ የደረሰውን እንዲህ አላየም። አንድ ወንድም ባጠፋ ጊዜ ሊፈርዱበት ጉባኤ ሠርተው ሙሴን አስጠሩት፤ አልመጣም። ሁለተኛ ቢልኩበት በጀርባው ቀዳዳ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ አሸዋ የሞላበት ቅርጫት፣ በአንዳንዱም ውሃ የሚያንጠባጥብ እንስራ ነው። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የራሱ ኀጢአት በኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ላይ ለመፍረድ መምጣቱን ገለጠላቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ማሩት። ያ በጎቹንና ወንበዴዎቹን የተሸከመ ጀርባ በመጨረሻ የገዛ ራሱን ነውር በሰው ሁሉ ፊት ተሸከመ፤ በዚያም ሌላው ዳነበት። ዕፍረት በተሸሸገበት ቦታ ሰውን ይገድላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ተገልጦ በቀረበ ጊዜ ግን ለባልንጀራ መሸሸጊያ ይሆናል።

በ407 ዓመተ እግዚእ ገደማ በርበሮች አስቄጥስን ወረሩ። ሙሴ ወንድሞችን እንዲሸሹ ነገራቸው፤ እርሱ ግን ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረውን ለራሱ ቈጥሮ፣ ይህችን ቀን ብዙ ዓመት ሲጠብቃት እንደ ኖረ ነግሯቸው በዚያው ቆየ። ከእርሱም ጋራ የቆዩት ወንድሞች ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ ፈርቶ በሰሌን ኋላ ተሸሽጎ ነበር፤ በተሸሸገበትም ሳለ መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ሲጠብቀው አየ፤ ያን ጊዜ ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋራ ዐረፈ። ጳላድዮስ እንደ ጻፈው ሙሴ 75 ዓመት ኖሮ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ ዐልፏል። ዐፅሙም ከመምህሩ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋራ በዚያው በረሓ በበርሞስ ገዳም በክብር ይኖራል።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደዚያ ሰው ሄድሁ። «ልጄ፣ አንዳንዶቹ አስገቡት፣ አንዳንዶቹም አላስገቡትም፤ እርሱ ግን ገባ» አልሁት። ስለዚያ ስለ ተሸሸገው ወንድምም ነገርሁት፤ መልአኩ አክሊሉን ለተሸሸገውም ይዞለት ይጠብቀው እንደ ነበረ። ሰውየው መልስ አልሰጠኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ማልጄ ሄጄ ከበሩ ውጭ ከእርሱ ጎን ቆምሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያልፉ በመገረም ያዩኝ ነበር፤ አንዱም ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እርሱ ለወራት የተሸከመውን ያን ጊዜ በጥቂቱ ቀመስሁት። ካህኑ ወንጌል ሊያነብ ሲወጣ የደወሉ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ነጠላውን አጣፍቶ ቀደመኝ፤ እኔም ተከተልሁት።

ስለዚህ ካህናት አባቶቼና የከተማ ወንድሞቼ ሆይ፣ በየደብራችን ደጅ እንዲህ ቆሞ የሚቀር ሰው አይታጣም። ነውሩን እኛ ልናጠፋለት አንችልም፤ ያን የሚያደርግ ሌላ ነው። የእኛ ሥራ በበሩ መካከል አለመቆም ነው፤ ከተቻለም ወጥተን አብረነው መቆም ነው። የሙሴ ጸሊም አምላክ ለሁላችን ልቡና ይስጠን፤ አሜን።