የመቅደላ አቀበት፤ የሁለት ዝግጅቶች ታሪክ

አቀበቱ የበረታ፣ ገደሉ የከፋ ተራራ ለመውጣት የሚነሣ ሰው እግሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገባው አምስት ነገር ነው፤ ይኸውም ወቅቱ፣ ውሃው፣ ስንቁ፣ መንገዱና በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ከፊተኞቹ አራቱ አንዱ ቢጎድል መንገደኛው ይቸገራል፤ ነገር ግን በብልሃትና በትዕግሥት ሊያልፈው ይችላል። አምስተኛው የጎደለበት ጉዞ ግን የቀረው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ፍጻሜው አያምርም። ይህ እውነት በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ መቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. ሁለት ሠራዊት ከሁለት አቅጣጫ ወደዚህ ተራራ ለመውጣት ተዘጋጅቶ ነበርና፣ የሁለቱን ዝግጅት ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ለታሪክ መምህር ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

መቅደላ በወሎ ምድር፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አምባ ነው። በሰሜኑ በኩል የበሽሎ ወንዝ ያለበት ጥልቅ ሸለቆ ከደላንታ ሜዳ ይለየዋል። ከወንዙ ወጥቶ ወደ አምባው የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የአሮጌን ሜዳ ያገኛል፤ ከዚያም በላይ ፋላና ሥላሴ የሚባሉት ሁለት ከፍታዎች እንደ ዘበኛ ቆመው ይታያሉ። እስላምጌ የተባለውም ጠፍጣፋ ስፍራ እነዚህን ከዋናው አምባ ጋር ያገናኛቸዋል። ከእስላምጌ እስከ በሩ ያለው የመጨረሻው አቀበት አጭር ነው፤ ሆኖም ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ፣ በጥቂት ሰው ሊጠበቅ የሚችል ጠባብ መወጣጫ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይህን አምባ ይዘው ግምጃ ቤትና እስር ቤት ያደረጉት ስለዚህ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ኀይል ደክሞ ነበር። ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንሲሉን ካሜሮንንና ሌሎችን የውጭ አገር ሰዎች አስረዋል፤ እንግሊዞችም ጦር ለመላክ ወስነዋል። በአገር ውስጥ ትግራይና ላስታ፣ ወሎና ሸዋ ከእጃቸው ወጥተዋል፤ ሠራዊታቸውም በየጊዜው እየከዳ ቀንሷል። በዚህ ጊዜ ያሰቡት ዝግጅት የተራራ ዝግጅት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆች ያቀለጡላቸውን መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ፣ ወደ መቅደላ ለማውጣት ቈረጡ። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በአገሩም ላይ እንዲህ ያለ ሸክም የሚሄድበት የሠረገላ መንገድ አልነበረም።

በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከዚያ እስከ መቅደላ ቀላል ጭነት የያዘ መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚሄደውን አገር እርሳቸው በስድስት ወር ፈጸሙት፤ በአማካይ ሲታሰብ በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ መሆኑ ነው። መድፉ ከመሄዱ አስቀድሞ መንገዱ መሠራት ነበረበት። አለቱ በባሩድ ይፈነዳል፤ ቍልቍለቱ እየተጠማዘዘ እንዲወርድ ይቈረጣል፤ ጐድጓዳው በድንጋይ ይሞላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከወታደሩ ጋር ይሠሩ እንደ ነበር በዓይናቸው ያዩት የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መንገዱ በዋድላ በኩል አልፎ ወደ ዥጣ ሸለቆ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ዳውንትና ወደ ደላንታ ወጣ፤ እንደ ገና ወደ በሽሎ ወረደ፤ በመጨረሻም በመጋቢት ወር ወደ እስላምጌ ደረሰ። በአቀበቱ ላይ ሴባስቶፖልን ለመሳብ 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሠሩት መንገዶች ሁሉ በምሕንድስናው ይህን የሚተካከል ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላው ወገን ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከህንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወረደ። የእርሱ ዝግጅት በመጽሐፍና በሒሳብ የተጀመረ ነበር። ወደ ሐበሻ አገር የመጡ መንገደኞች የጻፉት ሁሉ ተሰብስቦ ተነበበ፤ ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ታወቀ። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያም በቍጥር የሚበልጥ ተከታይ፣ ብዙ ሺህ በቅሎና ግመል፣ ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ተዘጋጁ። በባሕሩ ዳር የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ ጨውን ከባሕር ውሃ የሚለዩ መሣሪያዎች መጡ፤ ከዙላ እስከ ኩማይሌ አጭር የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ይህም ሁሉ ሆኖ ዝግጅቱ እንከን የለሽ አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ብዙ በቅሎዎች በውሃ ጥማትና በጠባቂ እጦት በባሕሩ ዳር አልቀዋል።

ነገር ግን ናፒየር ከዝሆኑም ከሐዲዱም በላይ የጠቀመው አምስተኛው ዝግጅት ነበር። ለንጉሡ እንጂ ለሕዝቡ ጠላት አለመሆኑን በአዋጅ አስነገረ፤ ለሚወስደው እህልና ለሚቀበለው አገልግሎት የማርያ ቴሬዛ ብር ከፈለ። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከተባሉት ጋር ተገናኝቶ ስምምነት አደረገ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም፤ የወሎዋ መስተዋትም የቴዎድሮስ ጠላት ነበረች። ከባሕሩ እስከ በሽሎ ድረስ ባለው ረጅም መንገድ ላይ አንድም የኢትዮጵያ ሠራዊት አልገጠመውም። እያንዳንዱ መስፍን ለዚህ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ የጎረቤቱ ቤት ሲፈርስ የራሱ ግድግዳ እንደሚጋለጥ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል በዋድላ ላይ ይጀምራል። የእንግሊዝ ጦር ወደ ዥጣ ገደል አፋፍ በደረሰ ጊዜ ዝሆንና መድፍ የሚያወርድ መንገድ ተሠርቶ ጠበቀው፤ ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያሠሩት መንገድ ነበር። ጠላት በዚያው መንገድ ዥጣን ተሻገረ፤ በዚያው መንገድ ወደ በሽሎ ወረደ። እንግሊዛውያኑም የመንገዱን ሥራ አድንቀው ጽፈዋል። መንገድ የሠራውን አይለይም፤ ለሚሄድበት ሁሉ እኩል ያገለግላል። ለማን እንደሚያገለግል የሚወስነው በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የኢንካ ነገሥታት በአንዴስ ተራሮች ላይ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ አሠርተው ነበር፤ ገደሉን በድንጋይ ደረጃ፣ ወንዙን በሣር ገመድ ድልድይ ያሻገሩ ብልሃተኞች ነበሩ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1532 ዓ.ም. እስፓኛዊው ፒዛሮ ከ200 የማይበልጡ ሰዎች ይዞ ወደ ካሃማርካ የወጣው በዚሁ የንጉሥ መንገድ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አታዋልፓና ዋስካር ተዋግተው አገሩ ተከፍሎ ነበርና፣ መንገዱን የሚዘጋበት አልተገኘም። ከኢንካዎች ሥራ ማቹ ፒቹ የተባለችው የተራራ ከተማ እስፓኞች ሳይደርሱባት እንደ ቀረች ይታመናል። ዛሬ ከዓለም ሁሉ የሚመጣው ጎብኚ ወደ እርስዋና አጠገብዋ ወዳለው ወደ ዋይና ፒቹ ሹል ተራራ ለመውጣት አስቀድሞ ቀንና ሰዓት ቈጥሮ ይመዘገባል፤ የጥንቱ የድንጋይ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ የሚወጣው ሰው ቍጥር የተወሰነ ነው።

ወደ መቅደላ እንመለስ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ወደ አሮጌ ወረዱ። ከላይ የተተኮሱት መድፎች ብዙ ጕዳት አላደረሱም፤ አንደኛው ታላቅ መድፍም ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። የእንግሊዝ ፈጣን ጠመንጃ 700 ያህል ኢትዮጵያውያንን ሲገድል ከእንግሊዞች በኩል ግን 20 ያህል ብቻ ቈሰሉ፤ ከነዚያም ሁለቱ ሞቱ። ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ስድስት ወር የተደከመለት ሴባስቶፖል በጦርነቱ አንዳችም አልረዳም። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች ከእስላምጌ ወደ በሩ በወጡ ጊዜ መሐንዲሶቹ በሩን የሚሰብሩበትን ባሩድና መሰላሉን ረስተው መምጣታቸው ታወቀ። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ዝግጅት በመጨረሻው አቀበት ላይ ጐደለ፤ ሆኖም በሩን የሚጠብቁት ጥቂት ስለ ነበሩ ወታደሮች አጥሩን ዘለው ገቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እጃቸውን አልሰጡም፤ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገድለው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሚገባ የታወቀ ነው። ከአምባው የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶችና ንዋያተ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ሴባስቶፖልን ግን የሚያወርደው አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ በተራራው ላይ አለ።

እንግዲህ ተማሪዎቹን ወደ መቅደላ የሚያወጣ መምህር ዝግጅቱን ከክፍል ውስጥ ይጀምር። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ይሁን፤ ናፒየርም ክረምቱ ሳይገባ ለመመለስ የቸኰለው በሽሎ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ስለ ገባው ነው። ጉዞው ገና ሲነጋ ይጀመር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ውሃውን ይዞ ይውጣ፤ በገደሉ ዳር የሚቀድምና የሚከተል ኀላፊ ይመደብ። የሒሳብ መምህሩ 70 ኩንታል ለ500 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 14 ኪሎ እንደሚደርሰው ያስላላቸው፤ ተማሪዎቹም 14 ኪሎ ድንጋይ በገመድ አስረው አቀበት ይሳቡ፤ ያን ጊዜ ቍጥሩ በክንዳቸው ይገባቸዋል። የጂኦግራፊው መምህር የዥጣንና የበሽሎን ሸለቆ በካርታ ያሳያቸው።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ለአገሩ ሽማግሌዎች መልእክት ይላክ፤ መሪውም ከእነርሱ ዘንድ ይጠየቅ። በአምባው ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ የእያንዳንዱን ድንጋይ ስም ያውቃል፤ ታሪኩንም ከአያቱ ሰምቷል። ተማሪዎች ከመድፉ አጠገብ ከመድረሳቸው በፊት በዚያ ሰው ደጅ ተቀምጠው ቢያዳምጡ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ሁሉ ገደል አሸንፈው በመጨረሻ ያጡት ምን እንደ ነበረ መምህሩ ብዙ ሳይናገር ይረዱታል።