ባልዲው፣ ቦሎቄው እና ደብተሩ

ወዳጆች፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። "ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ለጫካ ምን ስትፈልግ ነው የምትውለው?" ብላችሁ ደጋግማችሁ ለጠየቃችሁኝ አንድ መስመር መልስ አይበቃም። ነገሩ ታሪክ አለው።

የሚጀምረው በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው፤ በፈረንጅ ሜይ 2000 መሆኑ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጂፒኤስ ለተራው ሰው ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። ሳተላይቶቹ የአሜሪካ ጦር ናቸው፤ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው በሚል ለሕዝብ በሚለቀቀው ምልክት ውስጥ ስህተት ይጨመርበታል። በእጅህ የያዝከው መሣሪያ "እዚህ ነህ" ሲልህ እውነተኛው ቦታህ እስከ 100 ሜትር ሊርቅ ይችላል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ማዛባት እንዲቀር አዘዙና ከሜይ 1 ለ2 አጥቢያ ሌሊት ቆመ። ማንም ምንም ሳይነካው፣ በየሰው ኪስ ያለው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዐሥር እጥፍ ያህል ትክክለኛ ሆኖ አደረ። (እኛ ያን ሰሞን ሌላ ጭንቅ ላይ ነበርን። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሊያገረሽ ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ማን ስለ ሳተላይት ያወራል!)

በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ ኡልመር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ኦሪጎን ውስጥ ቢቨርክሪክ ከምትባል መንደር አጠገብ ጥቁር ባልዲ ይዞ ጫካ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መሣሪያው እውነት ትክክለኛ ከሆነ፣ እኔን የማያውቅ ሰው በቁጥር ብቻ ተመርቶ ይህን ባልዲ ያገኘዋል። ባልዲውን ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ቀበረው። ውስጡ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍ እና አንድ ቆርቆሮ የታሸገ ቦሎቄ አስቀመጠ። ደብተርና እርሳስም ጨመረበት። ከዚያ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ለጂፒኤስ ወዳጆች ለቀቀው። ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የተወሰነ ዕቃ ውሰድ፣ የተወሰነ ዕቃ ተው፤ የሆነውን ደግሞ ደብተሩ ላይ ጻፍ።

በሦስት ቀን ውስጥ ተገኘ። መጀመሪያ የደረሰው ማይክ ቲግ የሚባል የዋሽንግተን ግዛት ሰው ነው። እሱም ሌሎች ሰዎች በየቦታው የደበቋቸውን ዕቃዎች ቁጥር እየሰበሰበ በራሱ ገጽ ላይ መዘርዘር ጀመረ። ወሩ ሳያልቅ፣ ሜይ 30፣ ማት ስተም የተባለ ሰው "ጂኦካሺንግ" የሚለውን ስም አወጣ። ቀድሞ ይጠሩበት የነበረው ቃል የተደበቀ ዕፅ የሚያስመስል ስለነበር ነው የቀየሩት። "ካሽ" ሲባል ግን ጥሬ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ! ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ መደበቂያ፣ ስንቅ የሚሸሸግበት ጉድጓድ ማለት ነው። እኔ ግራ እንዳይገባችሁ በቃ "ሳጥን" እያልኩ ልቀጥል።

ከዚያ ነገሩ ወደ እኔ ሰፈር መጣ። ጄረሚ አይሪሽ የሚባል እዚሁ ሲያትል የሚሠራ የድረ ገጽ ባለሙያ ሴፕቴምበር 2፣ 2000 ላይ ዋናውን ገጽ ከፈተ። ያን ቀን በዓለም ላይ የታወቁት ሳጥኖች 75 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፍሪሞንት ሰፈር ነው። ስንቶቻችሁ ሲያትል እየኖራችሁ በደጁ አልፋችሁ ይሆን!

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ኡልመር ያንን ባልዲ ዛሬ አዲስ ሳጥን ነው ብሎ ለምዝገባ ቢያቀርበው ውድቅ ነው የሚደረግበት። ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፤ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ የደበቀውን ሌላው እየቆፈረ ይፈልጋል፣ ጫካው በአካፋ ያልቃል። ምግብ ማስቀመጥም ክልክል ነው፤ አውሬ ሸትቶት ሳጥኑን ይሰባብረዋል። እና የዚህ ሁሉ አባት የሆነው ሳጥን ሁለቱንም ሕግ ጥሷል። ባልዲው ዛሬ የለም፤ በ2003 ቦታው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለለት። የቦሎቄው ቆርቆሮ ግን ተርፏል። እስከ ዛሬ በየመሰባሰቢያው እየዞረ ሰው አብሮት ፎቶ ይነሳል። የተከለከለው ዕቃ ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

ሥነ ሥርዓቱ የመጣው እንዲህ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ የደነገገው ሰው የለም፤ አንድ ነገር ይበላሻል፣ ከዚያ ወግ ይወጣለታል። ሳጥኖች ተጠጋግተው ሰው የማን የማን እንደሆነ ሲጠፋበት፣ በሁለቱ መካከል 161 ሜትር ይኑር ተባለ። ፈላጊ በበዛበት ጫካ ቆሻሻ ሲበዛ፣ ከ2002 ጀምሮ "ሳጥን ፍለጋ ስትገባ ቆሻሻ ለቅመህ ውጣ" የሚል ዘመቻ ተጀመረ። ስለ ጨዋታው የማያውቅ መንገደኛ እያየህ ሳጥን አታወጣም፤ ጫማህን እንደምታስር ሆነህ ታሳልፈዋለህ። እንዲህ ዓይነቱን መንገደኛ ከሃሪ ፖተር በተዋሱት ቃል "መግል" ይሉታል። (በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቁ።)

ይሄኛው ወግ ለጨዋታ ድምቀት ብቻ አይደለም። በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው መንገድ ዳር ትንሽ ሳጥን ሲነካካ ታየ። ያየው ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊስ መንገዱን ዘጋ፣ የጦሩ ቦምብ አምካኞች መጥተው ሳጥኑን አፈነዱት። ውስጡ የነበረው የስም መፈረሚያ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ከሚበዛበት ቦታ ግልጽ ላስቲክ መጠቀም፣ በላዩም ላይ ምን እንደሆነ መጻፍ ጨዋነት ነው።

የደብተሩ ነገር ግን ከጂፒኤስ በጣም ይቀድማል። በ1854 እንግሊዝ ውስጥ ዳርትሙር በሚባል ረግረጋማ ደጋ፣ ጄምስ ፐሮት የሚባል መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል ከሚባል ለመድረስ ከሚያስቸግር ቦታ ላይ ጠርሙስ አስቀመጠ። እስከዚያ በእግሩ የደረሰ ሰው የስሙን ካርድ ጠርሙሱ ውስጥ ይተዋል። ቆየት ብሎ ሰዎች የራሳቸው አድራሻ ያለበት ፖስታ ካርድ መተው ጀመሩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ወስዶ ፖስታ ቤት ያስገባላቸዋል። ካርዱ ቤት የሚደርሰው አንድ የማታውቀው ሰው እዚያ ድረስ ከለፋና አደራህን ከተቀበለ ብቻ ነው። እኔ የዚህን ነገር ሥር የማገኘው ከሳተላይቱ ይልቅ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ዕቁብም ዕድርም የሚቆመው ሰው ሰውን ስለሚያውቅ ነው፤ ዳኛ አለ፣ ይሉኝታ አለ። እዚህ ግን ማንም ማንንም አያውቅም፤ አደራው ግን ይደርሳል።

ስለራሴ ሳጥን ላውራ። በ2014 አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ወደ ሞቃት አገር ሊሄዱ ሲሉ ሳጥናቸውን ለእኔ አስረከቡኝ። ሕጋዊ መንገድ አለው፤ ባለቤቱ ፈቅዶ በስምህ ያዞርልሃል። አሮጌ የጥይት ሳጥን ነው፣ አረንጓዴ ብረት፣ የወደቀ ዝግባ ሥር የተቀመጠ። አብረው ሦስት ደብተር ሰጡኝ፤ የመጀመሪያው ከ2002 ይጀምራል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዲት ነርስ የሌሊት ተረኛ ሆና ባደረች ቁጥር እየመጣች ትጽፋለች፤ ሳጥኑን አንዴ አግኝታዋለች እኮ፣ የምትመጣው ለመጻፍ ነው። አንድ ልጅ የላስቲክ ዳይኖሰር ወስዶ የካናዳ ሳንቲም መተዉን በትልልቅ ፊደል አስመዝግቧል። አንዱ ዝናብ ይዞት ግንዱ ሥር ተጠልሎ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ እርጥብ ዝግባ ሽታ ጽፏል።

ሁለተኛው ደብተር መካከል ላይ አማርኛ አገኘሁ። በ2009 የተጻፈ፣ ስም የሌለው፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር፦ "ዛሬ የእናቴን መርዶ ሰማሁ። እዚህ አገር የምነግረው ሰው የለኝም። እዚህ ጻፍኩት።"

ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ላጣራም አልሞከርኩም። አዛውንቱ ምን እንደሚል ጠይቀውኝ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ለአምስት ዓመት ፊደሉ አምሯቸው ብቻ ሲያዩት ኖረዋል። ከላይና ከታች በእስክሪብቶ የተጻፈው በውኃ ፈስሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኗል። የአማርኛው የተረፈው በእርሳስ ስለተጻፈ ነው። እርሳስ አስቀምጡ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ቀለም ይቀዘቅዛል፣ ይደርቃል፣ ይታጠባል።

ሦስተኛው ደብተር ላይ ጽሑፉ እያጠረ ይሄዳል። ስልክ በየሰው እጅ ገባ፣ ከመንገድ ጎን በየ161 ሜትሩ ሳጥን መደርደር ተጀመረ። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ በአንድ አውራ ጎዳና ብቻ ከሺህ በላይ ተደርድሮ ነበር። በቀን ብዙ መቶ ሳጥን የሚያገኝ ሰው ምን ይጽፋል? አራት ፊደል፦ ቲ.ኤፍ.ቲ.ሲ፤ "ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ" ለማለት ነው። አንዳንዱ ለመቶ ሳጥን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይገለብጣል። ይባስ ብሎ ሳጥኑን ፈልጎ ሲያጣ የራሱን የፊልም ቆርቆሮ ጥሎ "አገኘሁ" የሚልም አለ። ይሄ በሠፈሩ ነውር ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሳጥን ይሆናል፣ ቀጣዩም የውሸቱን ሲፈርም ይኖራል። ያላገኘ ሰው "አላገኘሁም" ብሎ መጻፍ አለበት። ሰው ይህን ለምን እንደሚያፍርበት አይገባኝም። ለእኔ ለባለቤቱ ከ"አገኘሁ" የበለጠ የሚጠቅመኝ እሱ ነው፤ ሦስት ሰው በተከታታይ ካጣው ሳጥኑ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ተነስቼ እሄዳለሁ።

ጥሩ ማስታወሻ የግድ ረጅም አይደለም። የደበቁበትን ቦታ ሳታወጣ የደረሰብህን መንገር ነው። በአንድ ወቅት ሽኮኮ ሆኖ የጻፈልኝ ሰው ነበር፤ "ሰዎች ቤቴ በር ላይ ሳጥን አስቀምጠው ኪራይ አይከፍሉም" የሚል አቤቱታ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቅኩ። ለባለቤት የሚከፈል ደመወዝ የለም እኮ፤ ለላስቲኩም ለደብተሩም ለቤንዚኑም ከኪሱ ነው። የሚያገኛት ያቺን ማስታወሻ ብቻ ነች።

ጥገናው ደግሞ አያልቅም። የሲያትልን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የክዳኑ ጎማ በየጊዜው ይለወጣል፤ ሰው በደንብ ሳይዘጋው ከሄደ ውስጡ ሾርባ ሆኖ ይጠብቅሃል። ፈላጊ "ጥገና ይፈልጋል" ብሎ ሲያመለክት መሄድ ግዴታ ነው። ካልሄድክ በጎ ፈቃደኞቹ ገምጋሚዎች መጀመሪያ ያስጠነቅቁሃል፣ ከዚያ ሳጥንህን ከዝርዝር ያወጡታል። አንዳንዱ ይህን ጭካኔ ነው ይላል። እኔ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፤ ባለቤት የሌለው ሳጥን ከጊዜ በኋላ ቆሻሻ ነው፣ የጫካው ባለሥልጣንም ሁላችንንም የሚፈርደው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉዳይ የሚመጣው። ባለፈው አገር ቤት ልሄድ ስል እንጦጦ ላይ አንድ ሳጥን የማኖር ሐሳብ መጣልኝ። ነገር ግን ለእረፍት ሄዶ ጥሎ መምጣት አይፈቀድም፤ በአጠገቡ የሚኖርና የሚንከባከበው ሰው ከሌለ ገምጋሚው አይቀበልህም። እና አዲስ አበባ ላለችው ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ሁሉንም አስረዳኋት፤ ኡልመርን፣ ባልዲውን፣ ደብተሩን።

"ጋሼ፣ ሰው ያገኘውን ሳጥን ለምን መልሶ ያስቀምጠዋል?" አለችኝ።

የደብተሩን ሦስት ዐረፍተ ነገር ፎቶ ላኩላት። ለሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ በድምፅ መልእክት መለሰች፦ ክረምቱ ይውጣ፤ ያን ጊዜ ቦታ አይታ፣ አስፈቅዳ ትነግረኛለች። በየሁለት ወሩ ሄዳ ልታየው ተስማምታለች። ሳጥኑ ግን ግልጽ ላስቲክ ይሁን ብላለች፤ ዘበኛው ሳይከፍተው ውስጡን እንዲያይ። በላዩም ላይ በአማርኛ ትጽፍበታለች። እኔ ከዚህ የምልከው ደብተሩንና አንድ ደርዘን እርሳስ ነው።