ጃንጥራርን ማን ይመዘግባል? የማዕረግና የዓርማ ጥበቃ በኢትዮጵያ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ሐይቅን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና አምባሰል ይገባል። ከዚህ አካባቢ ጋር የተሳሰሩ ሁለት ጥንታዊ ማዕረጎች አሉ፤ ዐቃቤ ሰዓትና ጃንጥራር። ዛሬ ሁለቱንም የሚመዘግብ፣ «ይህ ይገባሃል፣ ይህ አይገባህም» ብሎ የሚወስን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ አውሮፓውያን ሄራልድሪ በሚሉት የዓርማና የማዕረግ ሙያ ሥር ያጠቃልሉታል።

ዐቃቤ ሰዓት ማለት ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የሚጠራበት ማዕረግ ሲሆን፣ ባለማዕረጉ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥፍራ ነበረው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ከተጎዳ በኋላ ያ ሥልጣን አልተመለሰም። ገዳሙ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም በሀገሪቱ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቁት ቀደምት የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው።

ጃንጥራር ደግሞ የአምባሰል ገዢዎች ብቻ የሚጠሩበት ነው። ራስ ወይም ደጃዝማች የትም ይሾማል፤ ጃንጥራር ግን ልክ እንደ ዋግሹም ከአንድ ምድርና ከአንድ ቤት አይወጣም። ቤቱ የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከግሸን አምባ ጋር በታሪክ ይያያዛል። በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው፤ በእናታቸው በወይዘሮ ስሒን በኩል ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ። (አምባሰል ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቅኝቱ መሆኑ የታወቀ ነው።)

ይህን ሁሉ ማን ይመዘግብ ነበር? እንደ እንግሊዝ ያለ የዓርማ ሹማምንት ጉባኤ ኢትዮጵያ ኖሯት አያውቅም። የተጠጋጋውን ሥራ ይሠራ የነበረው ጸሐፌ ትእዛዝ ነው። የንጉሡን ማኅተም ይይዛል፣ ደብዳቤ ያወጣል፣ ዜና መዋዕል ያስጽፋል። የዐፄ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣን ያወጣ የነበረውም የጽሕፈት ሚኒስቴር ነው። ማኅተም ሁሉን አይፈታም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር ይል ነበርና። ቢሆንም ክርክሩን ማካሄድ የተቻለው ሁለቱም ጽሑፎች ተጠብቀው በመገኘታቸው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የመንግሥት ሆነ። ከቀናት በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ዘውዱ ተሻረ። በእኔ ግምት ለጃንጥራርነት ከባዱ ምት የመጀመሪያው ነው፤ ያለ ምድሩ ማዕረጉ ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷልና። መኳንንቱን ከነመብታቸው ማስወገድ አንድ ነገር ነው፤ የማን ምን እንደነበረ የሚያውቅ መዝገብ ቤት ያለ ተተኪ መቅረቱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን የግድ አይጠይቅም ነበር።

የሌሎች ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል። አየርላንድ ሪፐብሊክ ናት፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1943 ከእንግሊዞች የተረከበችውን የዓርማና የትውልድ ሐረግ ቢሮ አልዘጋችም፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ ሥር አቆየችው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የከፈተችው ቢሮ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላም ቀጥሏል። በስኮትላንድ የዓርማው ሹም ራሱ ዳኛ ነው፤ የሌላ ሰው ዓርማ የተጠቀመ ሰው ችሎት ይቀርባል። እነዚህ ቢሮዎችም ቢሆኑ «በሕዝብ ገንዘብ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ አልቀረላቸውም።

የእኛ ሕግ ጉዳዩን በየቦታው ቆራርሶ ይዞታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማውንና የብሔራዊ ዓርማውን ነገር ይደነግጋል፤ ክልሎች የየራሳቸውን ዓርማ በምክር ቤቶቻቸው እንዲወስኑም ይፈቅዳል። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዝርዝሩን አወጣ። ኒሻንና ሽልማት መስጠት በአንቀጽ 71 የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ይመዘገባል። በመሆኑም አንድ የሻይ ፋብሪካ ለማሸጊያው ሥዕል ሕጋዊ መዝገብ አለው፤ ለአንድ ጥንታዊ ማዕረግ ታሪክ ግን የሚጠየቅ ክፍል የለም።

ክፍተቱን ሌሎች ይሞሉታል። በውጭ ሀገር ያለውና በ1996 ዓ.ም. ሥራው ፖለቲካ ሳይሆን ባህል መሆኑን ያስታወቀው የዘውድ ምክር ቤት በቀድሞው መንግሥት ስም የሚታወቁ ኒሻኖችን ይሰጣል። በሀገር ውስጥ ሕግ ፊት እነዚህ ሽልማቶች የመንግሥት ኒሻን አይደሉም፤ ባህላዊ ዋጋቸው ምን ያህል ነው የሚለውን ግን የሚመዝን ወገን የለም።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቆይ በተባለ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን አዳረሰ፤ የደሴ ሙዚየም መዘረፉም በወቅቱ ተዘግቧል። በየቤቱ ያለ የሹመት ደብዳቤ፣ ማኅተምና ኒሻን ቅጂ ከሌለው አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። የሐይቁ ወንጌል ከብዙ ዓመታት በፊት በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ ለዚህ ሥራ የተፈለገው ካሜራና ፈቃደኛ መነኮሳት ነበር። ለአምባሰል ቤቶች ሰነድም ወመዘክር ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አይመስለንም። ባለቤቶቹ ወረቀቱን እቤታቸው ያስቀራሉ፤ ቅጂው አዲስ አበባ ይገባል። ማዕረጉ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ለብቻው ሊቀጥል ይችላል።