በእንቁላሉ ጊዜ ጎረቤት የት ነበር?

ስለ ወጣቶች የቡድን ጠብ፣ ስለ መነሻውና ስለ መከላከያው በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጽሑፍ በገዛ ዓይናችሁ ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ይበላችሁ። የዛሬው ንግግራችን የታሪክ ንግግር ነው። ግን የነገሥታት ታሪክ አይደለም፤ የሰፈር ልጆች ታሪክ ነው። ወጣቶች ለምን በቡድን ሆነው ይደባደባሉ? ለምን ዱላና ጩቤ ይይዛሉ? ድሮስ እንዴት ነበር? ዛሬስ ምን ማድረግ እንችላለን? ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘን እንየው።

በመጀመሪያ አንድ የምታውቁትን ተረት ላስታውሳችሁ። አንድ ልጅ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣላት። እናቱ ምንም ሳትናገር ተቀበለችው። ቀጥሎ ዶሮ ሰረቀ። ከዚያ በግ፣ ከዚያ በሬ ሰረቀ። በመጨረሻ ሰው ገደለ። ሊሰቀል ሲል እናቱን አስጠራና «እናቴ ሆይ፣ ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት ይባላል።

ተረቱ እውነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። እስቲ እንጠይቅ። እንቁላሉ የተሰረቀበት ጎረቤት የት ነበር? በጉን በርካሽ የገዛው ነጋዴ ማን ነበር? አባትዬውስ? ልጅን እናት ብቻዋን አታሳድገውም፤ ብቻዋንም አታበላሸውም። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሦስት ቃላት

ስለ ወጣት ስንናገር ሦስት ቃላት አሉን። ጎበዝ፣ ዱርዬ፣ ቦዘኔ። ቃላቱን ልብ ብለን ካየናቸው የነገሩን ሥር እናገኛለን።

ጎበዝ ማለት በድሮው አነጋገር ጉልበቱ የጠና ወጣት ማለት ነው። መንግሥት ሲደክም፣ ሌባና ቀማኛ ሲበዛ፣ የአገር ሰው ተሰብስቦ የጎበዝ አለቃ ይመርጥ ነበር። ወጣቶች በእሱ ሥር ሆነው ከብት ይጠብቃሉ፤ ሌባ ያሳድዳሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜም የጎበዝ አለቆች በየቦታው ወጣቱን አስተባብረዋል። እንግዲህ ይህም የታጠቀ የወጣቶች ቡድን ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ቡድኑን የሚመርጠውም የሚጠይቀውም የአገር ሰው ነው። ጠያቂ ያጣ ቡድን ግን ውሎ አድሮ ራሱ ቀማኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ቃል ዱርዬ ነው። ስንሰማው ዱርን ያስታውሰናል። ቤት የሌለው፣ ከሰው የራቀ ማለት ነው። ሦስተኛው ቦዘኔ ነው። ቦዘነ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። አያችሁ? እኛው ለስድብ የምንናገራቸው ቃላት ምክንያቱን ይነግሩናል። አንዱ ቤት አጥቷል፤ አንዱ ሥራ አጥቷል። እኛ ግን ስሙን እንጠራለን እንጂ ምክንያቱን አንሰማም።

የድሮው ልጓም

የድሮ ወጣት ሁሉ ጨዋ ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ድሮ ደም መመለስ ነበር። የአንዱ ወገን ሰው ሲገደል የሟች ወንድም ወይም ልጅ ገዳዩን ወይም ዘመዱን ይፈልጋል። ካልፈለገ «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» ይባላል። ብዙ ወጣት ያለቀው በጥላቻ ብቻ አይደለም፤ ስድብ ፈርቶ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በወሎ ግን ለዚህ ነገር ልጓም ነበረው። አንደኛው ልጓም ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ መቅበሪያ ብቻ አይደለም። አጥፊን ይቀጣል፤ የተጣላን ያስታርቃል። አልታዘዝም ያለውን ያገልላል። ከቅሬ የተገለለ ሰው ችግር ሲደርስበት የሚደርስለት የለም። ስለዚህ ወጣቱ ከመቆጣቱ በፊት ቅሬውን ያስባል፤ አባቱም ያስባል።

ሁለተኛው ልጓም አውጫጭኝ ነው። አንዳንዶች አፈርሳታ ይሉታል። ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይመላለሳል፤ ሥራ ይፈታል። ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረው። ድሀን ያንገላታል፤ ሐሰተኛ ጥቆማም ይኖራል። ግን አንድ ትምህርት አለበት። በሰፈር ውስጥ የተሠራ ጥፋት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው ይላል።

ሦስተኛው ልጓም አባጋር ነው። በቃሉ፣ በባቲ፣ በወረባቦና በአካባቢው አባጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ። ኮምቦልቻ ራሷ ያለችው በቃሉ ምድር ነው። ደም ሲፈስ አባጋሮች ሁለቱን ወገን ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ ያረጋጋሉ። ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል። የደም ካሳ ይቆረጣል። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ዳግም ላይነካኩ ቃል ይገባሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብራቸዋል። የአባጋር ትልቁ ሥራ ምንድን ነው? ለሟች ወንድም ክብሩን ሳያጣ «ተውኩት» የሚልበትን መንገድ መስጠት ነው። ስድብ የሚፈራው ወጣት ሽማግሌ ለምኖት ቢተው አይሰደብም። ይከበራል እንጂ።

ልጓሙ እንዴት ላላ?

ደሴ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የወሎ ዋና ከተማ ሆነች። በጦሳ ተራራ ሥር ገበያዋ ደራ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ መንገድ ሠራ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ደሴና ወደ አሰብ ተከፈለ። ከደሴ የሐረጎን ዳገት ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይደረሳል። መኪና ባለበት ሥራ አለ፤ ሥራ ባለበት ወጣት ይመጣል። በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የኮምቦልቻ ሕዝብ ወደ 40 ሺህ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ወደ 60 ሺህ ደረሰ። በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ።

ይህ መልካም ነው። ግን መከራም አብሮ መጣ። በ1965 እና በ1966 በወሎ ረሃብ ገባ። ሕዝቡ ወደ ደሴና ወደ መኪና መንገዱ ጎረፈ። በ1977 ደግሞ ሌላ ረሃብ ሆነ። ብዙ ልጆች ወላጅ አጡ። በመካከሉ፣ በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣት በወጣት ላይ ጠመንጃ አነሳ። ያ ዘመን የሚያስተምረን አለ። ወጣቱን የሚያስታጥቁት ሁልጊዜ የሰፈር ዱርዬዎች አይደሉም፤ አንዳንዴ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በዚያ መንገድ ይተዳደር የነበረ ሰው ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረበት። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ ትምህርት ተቋረጠ። ብዙ ልጅ ጥይትና ዝርፊያ በዓይኑ አየ። ሰው ሲዘርፍ ሳይጠየቅ ያየ ልጅ ምን ይማራል?

አንድ ልጅ እናስብ

አሁን አንድ ልጅ በሐሳባችን እንሳል። ዕድሜው 15 ነው። ከገጠር ወደ ኮምቦልቻ መጥቷል። መናኸሪያ አካባቢ ዕቃ ይሸከማል። ማታ በረንዳ ላይ ያድራል። አንድ ሌሊት ትልልቆቹ ልጆች የዋለበትን ገንዘብ ቀሙት። በማግስቱ ሌሎች ልጆች መጥተው «ከእኛ ጋር ሁን፤ ማንም አይነካህም» አሉት። እሺ አለ። እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር?

ከዚያ በኋላ ሲራብ ያበሉታል። ሲታመም ያስታምሙታል። ስም ያወጡለታል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የቅሬ ሥራ ነበር! ቅሬ ግን አባወራውንና እማወራውን ይመዘግባል እንጂ በረንዳ ያደረውን፣ አንድ ክፍል ለአምስት የተከራየውን ወጣት አይመዘግብም። ስለዚህ ቡድኑ ቅሬው ሆነ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቡድኑ አንዱ በሌላ ሰፈር ልጅ በጥፊ ተመታ። ሁሉም ዱላ ይዘው ይሄዳሉ። የኛ ልጅ መሄድ አይፈልግም። ግን ቢቀር «ፈሪ» ይባላል። ይኸውላችሁ፣ የድሮው ደም መላሽ ተመልሶ መጣ። የስድቡ ፍርሃት ያው ነው። የጎደለው «ተው» የሚለው ሽማግሌ ነው።

ሕግ ምን ይላል?

በጥር 1996 አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። በዚህ አዋጅ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለልጆች የተለየ ድንጋጌ አለው። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከትልልቅ እስረኞች ጋር አይታሰርም። ለምን? ልጅን ከጎልማሳ ወንበዴ ጋር ማሰር ወንበዴነትን ማስተማር ስለሆነ ነው።

ሕግ ያስፈልጋል። ሰው የወጋ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን እስር ቤት ልጁን ከመንገድ ያነሣዋል እንጂ የሚገባበት ቤት አይሠራለትም። ሲፈታ የሚጠብቀው ማን ነው? ያው ቡድኑ ነው።

የሌላ አገር ሰው ምን አደረገ?

በስኮትላንድ አገር ግላስጎው የምትባል ከተማ አለች። እሷም የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ወጣቶቿም በየሰፈሩ ተቧድነው በጩቤ ይዋጉ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ፖሊሱ አሠራሩን ለወጠ። ጠብን እንደ ተላላፊ በሽታ እንየው፤ ከመዛመቱ በፊት እንከላከለው አለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የየቡድኑን ልጆች ፍርድ ቤት ድረስ ጋበዟቸው። ፖሊሱ «ከአሁን በኋላ ዝም አንልም» አላቸው። ሐኪሙ የጩቤ ቁስል ምን እንደሚመስል ነገራቸው። ልጇ የሞተባት እናት ተነሥታ ሐዘኗን ነገረቻቸው። በመጨረሻ «መተው ለሚፈልግ ሥራና ትምህርት የምንረዳበት መንገድ ይኸውና» ተባሉ። በአገሪቱ በ2004 እና 2005 በአንድ ዓመት ውስጥ የተገደለው ሰው ከ130 በላይ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሽ ያህል እንኳ አልሞላም።

እስቲ አስቡት። ተቆጪም፣ አልቃሽም፣ አስታራቂም በአንድ ቦታ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? የአባጋሮች ጉባኤ ከዚህ በምን ይለያል? ያለን ነገር ነው፤ ከገጠር ወደ ከተማ አላመጣነውም እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቅሬዎች በር ይክፈቱ። ተከራይ ወጣትና በረንዳ አዳሪ ልጅ በአነስተኛ መዋጮ ወይም በጉልበቱ ይግባ። ድንኳን የሚተክል፣ ቀብር ላይ አካፋ የሚይዝ ልጅ የሰፈሩ ልጅ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ሌሊቱን ይድረስ። ጠብ ከተነሣ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ማታ፣ ብድሩ ሳይመለስ፣ በሁለቱም ሰፈር ይሂድ። ልጁ ሳይዋረድ የሚተውበትን ቃል ይስጠው።

ሦስተኛ፣ የተሰረቀ ዕቃ አንግዛ። የተነጠቀ ስልክ በርካሽ የሚገዛ ሰው የልጁ አሠሪ ነው።

አራተኛ፣ ለወጣቱ ሌላ ቡድን እንስጠው። በ1970ዎቹ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ከደሴ ተነሥቶ እነማሪቱ ለገሠን ለአገር አሳውቋል። ያም ወጣቶች የተሰበሰቡበት ቡድን ነበር። ኳስም ቡድን ነው። ወጣት መቧደኑ አይቀርም፤ ጥያቄው ማን ይሰበስበዋል የሚለው ነው።

አምስተኛ፣ ትምህርት ያቋረጠውን እንመልስ፤ ሥራ ያለን ደግሞ አንድ ልጅ አጠገባችን አቁመን ሙያ እናሳየው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ሰው አይበቃም። ግን ለመጀመር አንድ ሰው ይበቃል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ጥግ ላይ የቆመውን ልጅ «ዱርዬ» ብላችሁ አትለፉ። ስሙን ጠይቁት። «የማን ልጅ ነህ? በላህ ወይ?» በሉት። አብሽሩ፤ እንቁላሉ ገና በእጁ ነው።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ።

1. በሰፈራችሁ ቅሬ ውስጥ ያልተመዘገቡ ወጣቶች እነማን ናቸው?
2. ባለፈው ጊዜ ወጣቶች ሲጣሉ መጀመሪያ የደረሰው ማን ነበር? ማንስ ቀረ?
3. በእንቁላሉ ተረት ውስጥ እናንተ ጎረቤት ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።