የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና መዘዞች

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን የሚያሳንስ ወይም የምግብን መተላለፊያ የሚቀይር ቀዶ ሕክምና የሚያስከትላቸው የጤና ችግሮች። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚያሰጉት የደም መፍሰስ፣ በእግር ደም ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም እና የስፌት ማፍሰስ ናቸው። ስፌቱ ማፍሰሱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቀው የልብ ምት መፍጠን ነው፤ ታካሚው ሆዱን ባያመውም በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ቆይተው ከሚመጡት መካከል የሐሞት ጠጠር፣ የአንጀት መዘጋት፣ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይገኙበታል።

ከሁሉ ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው የቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) እጥረት ነው። የሰውነት ክምችት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚበቃ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ታካሚ ቶሎ ይጎዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአንጎል ሕመም የሚነሣው ከዚህ እጥረት ነው፦ ሐሳብ ይምታታል፣ የዓይን እንቅስቃሴ ይዛባል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል። ሦስቱ ምልክቶች በአንድነት የሚታዩት በጥቂቶች ላይ በመሆኑ፣ ሁሉም እስኪሟሉ መጠበቅ አደገኛ ነው። ያለ ታያሚን ግሉኮስ ብቻውን መስጠት ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ቫይታሚኑ ቀድሞ ወይም አብሮ በደም ሥር ይሰጣል። ሕክምናው ከዘገየ የማስታወስ ችሎታ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።